ተሳቢ ለሚጎትት የድሮ መኪና የትኛው አውቶማቲክ ካምቢዮ? የ4ኤል80ኢ ግምገማ

እ.ኤ.አ. በ1967 የተሠራችው ሸቭሮሌት ኢምፓላ ወደ እጄ ስትገባ 5.4 ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተርና ሁለት ማርሽ ብቻ ያለው ፓወርግላይድ የተባለ አውቶማቲክ ካምቢዮ ነበራት። ባዶዋን ስትሄድ ሁለቱ ማርሾች አያንሷትም፤ ሞተሩ ከዝቅተኛ ዙር ጀምሮ ጉልበት ስላለው የካምቢዮውን ጉድለት ይሸፍንላታል። ጀልባ የጫነ 1,500 ኪሎ ግራም የሚመዝን ተሳቢ ከኋላዋ ሲታሰር ግን ነገሩ ይለወጣል፦ ዳገት ላይ በአንደኛ ማርሽ ሞተሩ ይጮኻል፣ ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ በሁለቱ መካከል መጠጊያ የለም። ይህ ግምገማ በፓወርግላይዱ ቦታ ስለተተካው 4ኤል80ኢ ካምቢዮ ቢሆንም፣ ቀድሜ ያጤንኳቸውን ሁለት አማራጮች ሳላነሳ የመረጥኩበትን ምክንያት ማስረዳት አልችልም።

የመጀመሪያው ቱርቦ ሃይድራማቲክ 400 ነው። ጄኔራል ሞተርስ በ1964 ያወጣው ይህ ባለ ሦስት ማርሽ ካምቢዮ በጥንካሬው የተመሰከረለት በመሆኑ ሮልስ ሮይስና ጃጓር ሳይቀሩ በመኪኖቻቸው ገጥመውታል፤ ፌራሪ እንኳ በ1976 ያቀረበውን 400 አውቶማቲክ በዚሁ ካምቢዮ መሥራቱን ባሰብኩ ቁጥር ፈገግ እላለሁ። ኮምፒውተር አይፈልግም፣ ውስጡን የሚያውቅ መካኒክም አይጠፋም። ጉድለቱ ሦስተኛው ማርሽ አንድ ለአንድ፣ ማለትም ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ በሞተሩ ዙር ልክ የሚዞርበት መሆኑና ከዚያ በላይ ሌላ ማርሽ አለመኖሩ ነው። የኢምፓላዬ ዲፈረንሻል 3.73 (ዘንጉ 3.73 ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ የሚዞርበት)፣ የጎማዋም ቁመት 69 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ስነዳ ሞተሩ በደቂቃ 2,580 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ሞተሩን ከካምቢዮው ጋር በዘይት በሚያገናኘው ቶርክ ኮንቨርተር ውስጥ የሚባክነው ዙር ሲጨመርበት ቁጥሩ ከዚህም ከፍ ይላል። ለአጭር መንገድ የሚከፋ አይደለም፣ ለሰዓታት ጉዞ ግን ጆሮን ያደክማል፣ ነዳጅም ይበላል። በአነስተኛ ቁጥር ዲፈረንሻል መተካት ዙሩን ቢቀንስም፣ ከቆመበት ለመነሳት የሚያስፈልገውን ጉልበት አብሮ ይወስዳል።

ሁለተኛው በ1982 የወጣው 700አር4 ሲሆን፣ በወረቀት ላይ ሲታይ ለእኔ የተሠራ ይመስላል። አንደኛ ማርሹ 3.06 ስለሆነ (ሞተሩ 3.06 ጊዜ ሲዞር ከካምቢዮው የሚወጣው ዘንግ አንድ ጊዜ ይዞራል) ተሳቢውን ከቆመበት በቀላሉ ያስነሣል፤ አራተኛው 0.70 ስለሆነ በሜዳ ላይ ሞተሩን ያሳርፈዋል። እኔም መጀመሪያ የገጠምኩት ይህንኑ ነበር። ይሁን እንጂ ከ3.06 ወደ ሁለተኛው 1.63 ሲያልፍ የሞተሩ ዙር ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ስለሚወርድ፣ ዳገት ላይ ከአንደኛ ወጥቶ ሁለተኛ ውስጥ መጨነቅ የየዕለት ልማዱ ሆነ። ከዚያ የባሰው የኬብሉ ጉዳይ ነው። ከካርቡራቶሩ ወደ ካምቢዮው የሚሄደው ኬብል የማርሽ መቀያየሪያውን ጊዜ ብቻ ሳይሆን የዘይቱንም ግፊት ስለሚወስን፣ በጥቂት ሚሊ ሜትር ላልቶ ከታሰረ ግፊቱ ያንስና ፍሪሲዮኖቹ እየተንሸራተቱ ይቃጠላሉ። የገጠመልኝ ጋራዥ ኬብሉን በግምት አስሮት ኖሮ፣ በአንድ የበጋ ወቅት ውስጥ የሦስተኛና የአራተኛ ማርሽ ፍሪሲዮኖች ከሰል ሆኑ። ስለዚህ ጥፋቱን በካምቢዮው ላይ አልጥልም፤ በትክክል የተስተካከለ 700አር4 ቀላል ተሳቢ ለዓመታት ሊጎትት ይችላል። የእኔ ቅሬታ ለአንዲት ኬብል ይህን ያህል አደራ መሰጠቱ ነው።

የተቃጠለውን ካምቢዮ ስፈታ የገባኝ ነገር ቢኖር፣ ለጎታች መኪና ካምቢዮ ሲመረጥ ከማርሾቹ ብዛትም ሆነ ሻጮች ከሚጠሩት የፈረስ ጉልበት ይልቅ ሙቀቱ መታየት እንዳለበት ነው። ሙቀቱ በአብዛኛው የሚፈጠረው በቶርክ ኮንቨርተሩ ውስጥ ነው፤ ሞተሩና ካምቢዮው በዘይት አማካይነት ብቻ ሲገናኙ በመካከላቸው የዙር ልዩነት ስለሚኖር፣ የሚባክነው ጉልበት በሙሉ ዘይቱን ያሞቀዋል። ዘይቱ ከ80 እስከ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ሲቆይ ዕድሜው ረጅም ነው፤ ወደ 115 ዲግሪ ሲጠጋ በብረቱ ላይ እንደ ቫርኒሽ ያለ ቅባት መጋገር ይጀምራል፣ ከ125 በላይ ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱት የጎማ ማኅተሞች ይደርቃሉ፣ 145 አካባቢ ሲደርስ ፍሪሲዮኖቹ መያዝ ያቅታቸዋል። ይህን የሚያስቆመው ኮንቨርተሩ ውስጥ ያለው መቆለፊያ ፍሪሲዮን ነው፤ ሲቆለፍ ሞተሩና ካምቢዮው እንደ አንድ ዘንግ ስለሚዞሩ መንሸራተቱ ይቀራል። ቱርቦ 400 ይህ መቆለፊያ የለውም። 700አር4 አለው፤ ነገር ግን ተሳቢ እየተጎተተ አራተኛ ማርሽ ውስጥ ሲቆይ የሚጨነቁት እነዚያው ቀጫጭን የሦስተኛና የአራተኛ ፍሪሲዮኖች ናቸው።

4ኤል80ኢ በ1991 ሞዴል ከባድ ፒክአፖች ላይ ሲወጣ፣ በመሠረቱ የቱርቦ 400ን አንጀት ይዞ ከፊቱ አንድ ተጨማሪ ማርሽና የሚቆለፍ ኮንቨርተር የተጨመረበት ነበር። ማርሾቹ 2.48፣ 1.48፣ 1.00 እና 0.75 ናቸው። አንደኛው ከ700አር4 ያነሰ ጉልበት ስለሚሰጥ ከቆመበት የሚነሣው በመጠኑ ቀስ ብሎ ነው፤ በአንጻሩ ወደ ሁለተኛ ሲያልፍ ዙሩ የሚወርደው አርባ በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ዳገት ላይ ትንፋሽ አያጥረውም። በ90 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አራተኛ ማርሽ ሞተሩን ወደ 1,940 ዙር ያወርደዋል። ግፊቱን የሚቆጣጠረው ኬብል ሳይሆን ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ በመሆኑ፣ ኮንቨርተሩ በሦስተኛም በአራተኛም እንዲቆለፍ አድርጌ አስተካክዬዋለሁ፤ ረጅም ዳገት ሲመጣ ሦስተኛ ላይ አስሬ በተቆለፈ ኮንቨርተር እወጣለሁ። ለእኔ ከሌላው ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው፤ ከገጠምኩት ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታት የዘይቱ ሙቀት 100 ዲግሪ ሲያልፍ አላየሁም።

ዋጋው ግን በገንዘብ ብቻ የሚከፈል አይደለም። ካምቢዮው ባዶውን ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፣ ከፓወርግላይዱም ይረዝማል። በመሆኑም ካምቢዮውን ከሥር የያዘውን መስቀለኛ ብረት ወደ ኋላ ማዛወር፣ ወደ ዲፈረንሻል የሚሄደውን ዘንግ ማሳጠርና ጫፉን የቱርቦ 400 ዓይነት 32 ጥርስ ባለው መለወጥ፣ ከወለሉም ላሜራ ጥቂቱን በመዶሻ ማስገባት ግድ ሆኗል። በካርቡራቶሩ ላይ የነዳጅ ፔዳሉ ምን ያህል እንደተረገጠ የሚያነብ ሴንሰር መትከል ነበረብኝ፤ የተገዛው ማያያዣ ለእኔ ካርቡራቶር ስላልሆነ ብረቱን ራሴ ሠራሁት፣ ይህም ሁለት ቀን ወሰደብኝ። የፍጥነት መለኪያው ጉዳይ ደግሞ ይበልጥ ያበሳጫል፦ የድሮው መለኪያ በሚሽከረከር ኬብል ሲሠራ፣ 4ኤል80ኢ የሚያወጣው የኤሌክትሪክ ምልክት ብቻ ስለሆነ፣ ምልክቱን ወደ ኬብል ዙር የሚለውጥ ሞተር ያለው ትንሽ ሳጥን ካልተጨመረ መርፌው አይንቀሳቀስም። መኪናውን ከፋብሪካ እንደወጣ ማቆየት ለሚፈልግ ሰው ይህ ሁሉ መተላለፍ ነው፤ ለእሱ ቱርቦ 400 ይበቃዋል፣ ጉዞውም አጭር ከሆነ ከእኔ ይልቅ እሱ ትክክል ነው።

ያገለገለ 4ኤል80ኢ የሚገዛ ሰው ከሌላው ሁሉ በፊት የዘይት ማቀዝቀዣው ቱቦዎች የሚገቡበትን ቦታ ይመልከት። እስከ 1996 ባሉት ሁለቱም ቱቦዎች ከፊት በኩል የሚገናኙ ሲሆኑ፣ ከ1997 ጀምሮ የቀዘቀዘው ዘይት የሚመለስበት ወደ ኋላ ተዛውሮ መካከለኛውና የኋላው ማርሽ በቀጥታ ቅባት እንዲያገኝ ተደርጓል፤ ለጎታች መኪና የሚመረጠው ይህኛው ነው። ከዚያም የሙቀት መለኪያው ሴንሰር በካምቢዮው ሥር ባለው የዘይት ሳህን ውስጥ ሳይሆን፣ ዘይቱ ከኮንቨርተሩ ወጥቶ ወደ ማቀዝቀዣው በሚሄድበት ቱቦ ላይ ይተከል፤ ሳህኑ ውስጥ ያለው ገና 90 ሲያሳይ ከኮንቨርተሩ የሚወጣው ዘይት ከዚያ እጅግ ሊበልጥ ይችላልና።