ለወንድሜ ሌላ ዋጋ፣ ለእኔ ሌላ ዋጋ፦ መሃል አዲስ አበባ ያየሁት የጉበት ሐኪም

ከቶሮንቶ የመጣሁት እናቴን ላይ፣ እንጀራዋን ልበላ እንጂ ሐኪም ቤት ልዞር አልነበረም። እናቴ ለዓይኗ ቀዶ ሕክምና የምርመራ ደም ስትሰጥ ሄፓታይተስ ቢ አለብሽ ተባለች፤ ቤቱ በአንድ ቀን ለቅሶ ቤት መሰለ። አንዷ ጎረቤት የወፍ በሽታ መድኃኒት የሚሰጥ አዋቂ አለ ትላለች፣ ሌላዋ ብርጭቆዋንና ሳህኗን ለዩላት ትላለች። ሰብ ስፔሻሊስት ሳያያት አልሄድም አልኩ። ስታዲየም አካባቢ ካሉት ክሊኒኮች በአንዱ ማታ ማታ የሚሠሩ ሐኪም አሉ ተብለን ሄድን።

ስለ ሐኪሙ ልንገራችሁ። የጨጓራ፣ የአንጀትና የጉበት ሰብ ስፔሻሊስት ናቸው። ጠቅላላ ሐኪም ሆነው ክፍለ ሀገር አገልግለዋል፣ ቀጥለው የውስጥ ደዌ ስፔሻላይዝ አድርገዋል፣ ከዚያ ደግሞ ለጉበትና ለአንጀት ብቻ ሌላ ሥልጠና፤ የኋለኞቹን ሁለቱን ጥቁር አንበሳ ነው የተማሩት። ኢንዶስኮፒም (ጨጓራና አንጀትን በካሜራ ቱቦ ማየት) ራሳቸው ይሠራሉ። ዘመዶቼ «ውጭ የተማረ አይሻልም?» ብለውኝ ነበር። ቢልሃርዝያ ያጠነከረውን ጉበት እኮ የቶሮንቶ ሐኪም ከመጽሐፍ ነው የሚያውቀው፤ እኚህ ሰው በእጃቸው ዳስሰውታል።

ቀጠሯችን 10 ሰዓት ነበር፤ የገቡት ከመሸ ነው። ቀን የመንግሥት ሆስፒታል ውለው ስለሚመጡ ነው አሉን። ተናድጄ ነበር። ግን እኛ ጋ ስፔሻሊስት ለማየት የቤተሰብ ሐኪም ደብዳቤ ተጽፎልህ ወራት ትጠብቃለህ፤ እዚህ በማግስቱ ነው የቀጠሩን። ብቻ «ከ12 በፊት አይገቡም» ብሎ በስልክ መናገር ምን ያስቸግራል? እናቴ ያን ሁሉ ሰዓት ወገብ የሚሰብር ወንበር ላይ ባልተቀመጠች።

ውስጥ ከገባን በኋላ ግን አልተጣደፉም። የድሮ ወረቀቶቿን አንድ በአንድ አዩ። «እማማ፣ የሀበሻ መድኃኒት ወስደዋል? አይፍሩ፣ ይንገሩኝ» ሲሏት እናቴ እኔን አየችኝ። ለካ ከጎረቤቷ ጋር ሄዳ አንድ ብርጭቆ ጠጥታለች! አልተቆጡም፤ አንዳንዱ ቅጠል ራሱ ጉበት እንደሚጎዳ አስረድተው አስተዋት።

ቫይረሱ ስለተገኘ ብቻ መድኃኒት አይጀመርም አሉን። የቫይረሱ መጠን ይለካል፣ የጉበት ኢንዛይም ይታያል፣ በአልትራሳውንድና በፋይብሮስካን ጉበቱ ጠባሳ መያዝ አለመያዙ ይመረመራል። የሚያስፈልጋት ከሆነ ቴኖፎቪር በቀን አንድ ፍሬ ነው፤ በራስ ፈቃድ ማቋረጥ ግን ቫይረሱን መልሶ ሊያስነሳው ይችላል። ብርጭቆና ሳህን መለየቱን «ተዉት» አሉ፤ በደም፣ በግብረ ሥጋና በወሊድ ከእናት ወደ ልጅ ነው እንጂ በማዕድ አይተላለፍም። እናቴ እዚያው አለቀሰች። ለካ የልጅ ልጆቿን መሳም ትታ ነበር።

ከዚያ ወደ እኔና ወደ ወንድሜ ዞሩ። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ከሕፃናቱ መደበኛ ክትባት ውስጥ የገባው በ2007 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ እኛ አላገኘነውም፤ ተመርመሩ ብለው ለሁለታችንም አንድ ዓይነት ምርመራ ጻፉልን።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ካሸሯ ጋ ቀረብን። ወንድሜ የፋይዳ መታወቂያውን አሳየ፣ ከፈለ። እኔ ፓስፖርቴን አሳየሁ፤ ከእጥፍ በላይ ጠራችብኝ። ያው ደም፣ ያው መርፌ፣ ያው ላብራቶሪ፤ ከአንድ ማህፀን የወጣን ልጆች! ለምን ስላት «ዲያስፖራ ሌላ ነው» አለች። ዋጋው የት ነው የተለጠፈው? የትም። ደረሰኙ ላይ ምን ብላችሁ ትጽፋላችሁ? «ያው የምርመራ ተብሎ ነው እህቴ፣ ሲስተሙ ነው።» ቢጫ ካርዴን አወጣሁ። ገልበጥ ገልበጥ አድርጋ «ይሄ ለቪዛ ነው» ብላ መለሰችልኝ። በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የሚሰጥ የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ ነው፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ሥራ የሚያሠራኝ ካርድ ለእናቴ አገር የደም ምርመራ አይበቃም? ሥራ አስኪያጁን ጥሩልኝ አልኩ፤ ስብሰባ ላይ ናቸው። በዚያ ሰዓት የምን ስብሰባ! ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው በትዕግሥት ይስቃል። ወንድሜ «ተይው፣ እኔ ልክፈልልሽ» ይላል፣ ገንዘብ ያጣሁ መስሎት። የተናደድኩት በገንዘቡ አይደለም። ፒያሳ የማውቀው ቤት ሁሉ ፈርሶ፣ ካዛንቺስም መንገዱ ጠፍቶብኝ ከርሜ፣ ጭራሽ መስኮት ላይ «አንቺ ሌላ ነሽ» መባሉ ነው።

ከፈልኩ። እናቴ ፊት ምን አደርጋለሁ።

ለሐኪሙ ስነግራቸው አፈሩ። የክሊኒኩ ባለቤት እንዳልሆኑ ነግረውኝ የምርመራውን ወረቀት ተቀበሉኝ። ሪሴፕሽኗ «ሙሉ የጉበት ፓኬጅ» ብላ የጨማመረችውን በእስክሪብቶ ሰረዙት፤ የቫይረስ መጠን የሚለካው ቫይረሱ ለተገኘበት ሰው ብቻ ነው፣ እስካሁን አልተገኘብሽም አሉኝ። የተሰረዘውን ገንዘብ ለማስመለስም ሌላ ሰልፍ አለ፣ እሱን ልተወው።

የምትሄዱ ካላችሁ፣ ለሐኪሙ አትስጉ። የቆየ ወረቀታችሁን ሁሉ ያዙ፣ ካርድ ሳታወጡ ዋጋ ጠይቁ፣ ሐኪሙ ያላዘዘውን ፓኬጅ አትክፈሉ። አብሯችሁ የአገር መታወቂያ ያለው ሰው ይናገር፤ እናንተ ዝም በሉ።

የእናቴ ጉበት ጠባሳ የለውም ተባለ። ለጊዜው መድኃኒት አልጀመረችም፣ በየስድስት ወሩ ትታያለች። እኔና ወንድሜ ነፃ ነን፤ ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው የሚሰጠው። ወንድሜ የመጀመሪያውን እዚያው ተወጋ። እኔ ዋጋ ስጠይቅ ልጅቷ ቀና ብላ አየችኝና «ፓስፖርት ይዘሻል?» አለችኝ። ቶሮንቶ እወጋለሁ።