«ከቤት» የምትለዋ ዓምድ፦ የልጄ የመገናኛ ደብተር ግምገማ

ደብተሩ ቀጭን ነው። ጠባሴ ካለች አንዲት የጽሕፈት መሣሪያ መሸጫ በ45 ብር ገዛሁት፤ እዚያው በፕላስቲክ አስለበድኩት። ሽፋኑ ላይ የልጄ ስም አለ፤ ቀጥሎ «2ኛ ክፍል»፣ ከሥሩ ደግሞ «የመገናኛ ደብተር» ተብሎ ተጽፏል፤ መምህርና ወላጅ የሚጻጻፉበት ነው። እዚህ ደብረ ብርሃን ውስጥ የግል ትምህርት ቤቶች «ኮሙኒኬሽን ቡክ» እያሉ አሳትመው የሚሰጡት ዓይነት ነው። የእኛ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ነው፤ የታተመ ነገር የለውም። መስመሩን ያሰመረችው የልጄ መምህርት ናት። በማስመሪያ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ገጽ በገጽ።

የትምህርት ቤቱን ስም አልጽፍም። የምገመግመው ትምህርት ቤቱን በሙሉ ሳይሆን ይህን አንድ አገልግሎት ነው። መምህርቷም ስሟ እንዲጠራ አልፈለገችም።

በመጀመሪያ ነገሩ ለእኔ ለምን ትልቅ እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሁለት ልጆች አሉኝ። ትልቁ ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው፤ ክልላዊ ፈተና ይጠብቀዋል። እሱ ፊደል የጀመረው ሌላ ትምህርት ቤት ነው። በእሱ ጊዜ የታችኛው ክፍል ልጆች የሚያልፉት በነፃ ዝውውር ነበር። በዓመቱ መጨረሻ ካርድ ይመጣል። «ተዛውሯል» ይላል። እኔም ደስ ብሎኝ ዳቦ እደፋለሁ። 2012 ላይ በኮሮና ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ እሱም ተዛወረ። 4ኛ ክፍል ከገባ በኋላ አንድ ቀን ማታ ሊጥ እያቦካሁ የውኃ ክፍያ ወረቀት ደረሰኝ። «እስቲ ስንት ነው የሚለው፣ አንብብልኝ፤ እጄ ሊጥ ነው» አልኩት። ቁጥሩን ነገረኝ። «ከሥሩ ያለውንስ?» አልኩት። ዝም አለ። ወረቀቱን አዞረው፣ መልሶ አዞረው። ጆሮዎቹ ቀሉ።

ልጄ ማንበብ አይችልም ነበር። መምህራኑ ያውቃሉ። እሱም ያውቃል። ያላወቅሁት እኔ እናቱ ነኝ።

ትምህርት ቤት ሄጄ ስጠይቅ «ወላጅ ክትትል አያደርግም» አሉኝ። እስከዚያች ቀን ድረስ ትምህርት ቤቱ የጠራኝ ሦስት ጊዜ ነው። ሁለቱ ለመዋጮ፣ አንዱ ልጄ መስተዋት ሰብሮ። የስብሰባ ወረቀት የሚደርሰኝ ዋዜማው ማታ ነው። እኔ የምሠራው ፋብሪካ ነው፣ በፈረቃ። ለነገ ጠዋት 3 ሰዓት ስብሰባ ተብሎ ማታ ቢነገረኝ ማን ፈረቃ ይቀይርልኛል? ያልመጣ ወላጅ ግን ስለ ልጁ ግድ እንደሌለው ይቆጠራል። ይኼ ነገር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ኋላ ደግሞ ቴሌግራም መጣ። ያው ትምህርት ቤት ቻናል ከፈተ። «ውድ ወላጆች» ብሎ ይጀምራል፤ የክፍያ ቀን፣ የበዓል መልካም ምኞት፣ የዩኒፎርም ቀለም ይነግራል። መልስ መስጫ የለውም። ከሺህ ወላጅ ጋር እኩል ይነገርሃል እንጂ ስለ አንተ ልጅ ማንም አያወራህም። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ ያም ጠፋ። በምትኩ ወረቀት እንኳ አልመጣም። ብዙ ወራት ትምህርት ቤት ውስጥ ምን እንዳለ የማውቀው ልጄ ሲነግረኝ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ የማይነግረኝ ነገር እንዳለ ከውኃው ወረቀት ተምሬአለሁ።

እንግዲህ ትንሿ ልጄ የዛሬ ትምህርት ቤቷ ስትገባ ይህን ሁሉ ይዤ ነው የገባሁት።

ወደ ደብተሩ ልመለስ። እያንዳንዱ ገጽ ሦስት ዓምድ አለው። «ቀን»፣ «ከመምህር» እና «ከቤት»። የመጀመሪያዋ ጠባብ ናት። ሁለቱ ግን እኩል ናቸው፤ በማስመሪያ ለክቻቸዋለሁ። ሌላ ቦታ ያየኋቸው ደብተሮች ለመምህር ሙሉ ገጽ ይሰጡና ለወላጅ «ፊርማ» የምትል አጭር መስመር ይተዋሉ። እዚህ የእኔ ቦታ ከመምህርቷ ቦታ ጋር እኩል ነው። የደብተሩ ዋና ነገር ይኼ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ክፍሉ ውስጥ 54 ልጆች አሉ። በየቀኑ ለሁሉም መጻፍ አይቻልም። ስለዚህ ልጆቹ በቀን ተከፋፍለዋል፤ በቀን 11 ያህል ይደርሳቸዋል። የእኔ ልጅ የረቡዕ ናት። ረቡዕ መምህርቷ ትጽፋለች፣ ማታ እኛ እናነባለን፣ ሐሙስ ጠዋት መልሱ ቦርሳ ውስጥ ይገባል። አስቸኳይ ነገር ካለ ቀን አይጠበቅም። ልጅቱ ታማ ከዋለች ስልክ ይደወላል።

የመጀመሪያዋ መልእክት ጥቅምት ላይ መጣች። «በደህና ጀምራለች፤ ከጓደኞቿ ጋር ትግባባለች» ትላለች። ደስ አለኝ፤ እንደለመድኩት ፈርሜ መለስኩ። በሳምንቱ ረቡዕ እንዲህ ተጽፎ መጣ፦ «ፊርማዎን አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። ከቤት ግን ምንም አልነገሩኝም። ማታ ከማን ጋር ነው የምታጠናው?»

ያችን ገጽ ፋብሪካ ይዣት ሄጄ በሻይ ሰዓት ደጋግሜ አነበብኳት። ትምህርት ቤት እኔን ጥያቄ ሲጠይቀኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ «የማታ ፈረቃ ስገባ ከአያቷ ጋር ናት። አያቷ ማንበብ አይችሉም።» የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ እጄ ከብዶኝ ነበር። መልሱ አንዲት መስመር ነው፦ «አያቷ ምን ይችላሉ?»

እማዬ የመንዝ ሰው ናት፣ የመሐል ሜዳ። ጥያቄውን ሳነብላት እንዝርቷን አስቀመጠችና አሰብ አደረገች። «አቡጊዳ እችላለሁ በያት» አለችኝ። ልጅ ሳለች ወንድሟ የኔታ ዘንድ ፊደል ሲቆጥር እሷ በግ እየጠበቀች ከአጥሩ ውጭ ሰምታ ነው የያዘችው። እስከ ዛሬ አንድ ሳትስት ትለዋለች። ፊደሉን ግን አይታ አትለየውም።

ጻፍኩላት። ለጊዜው «እግዜር ይስጥልኝ» ብቻ ተብሎ ተመለሰ።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ውርጩ ሲጠና ነው ዋናው መልእክት የመጣው። ሙሉውን ልገልብጠው፦ «ሀ ሁ ሂን በተርታ ስትል ከክፍሉ አንደኛ ናት። ፊደሉን ነጥዬ ሳሳያት ግን ብዙውን አትለይም። ዜማውን ነው የያዘችው። አያቷ አቡጊዳውን ይበሉላት። እሷ የሀሁ ገበታ ላይ እየፈለገች በጣቷ ታሳይ። በቀን ሁለት መስመር ይበቃል።»

አቡጊዳን ለማያውቅ ልግለጽ። ሀሁ ላይ አንድ ፊደል ከነሰባት ድምፁ በተርታ ይሄዳል፤ ሀ፣ ሁ፣ ሂ፣ ሃ እያለ። አቡጊዳ ላይ ግን በየእርምጃው ፊደሉም ድምፁም ይቀየራል፤ አ ቡ ጊ ዳ ሄ ው ዞ። ሁለተኛው መስመር በ ጉ ዲ ሃ ዌ ዝ ሖ ነው። ስለዚህ የሀሁን ተርታ በቃሉ የያዘ ልጅ እዚህ ላይ አፉ አይወስደውም፤ እያንዳንዱን ፊደል በዓይኑ መለየት አለበት። የቄስ ትምህርት ቤት ይህን ከድሮ ጀምሮ ሲሠራበት ኖሯል። መምህርቷም እማዬ እጅ ላይ ያለውን መሣሪያ አየችው።

የመጀመሪያውን ማታ እኔም ቤት ነበርኩ። እማዬ ከሰሉ አጠገብ ተቀምጣ የበግ ጸጉር ትፈትላለች። ገበታው ግድግዳ ላይ ነው። «አ» ትላለች፤ ልጅቱ ትሮጥና ታሳያለች። «ቡ» ትላለች። ጣቷ ይንከራተታል፤ ከላይ ጀምራ «ሀ ሁ ሂ» እያለች ወደ ታች ትወርዳለች፤ «በ» ጋ ትደርስና «ቢ» ላይ ታርፋለች። እማዬ ደግሞ ልክ ትሁን ስሕተት አታውቅም። ወደ እኔ ዞር አለች። እኔ ከመናገሬ በፊት ከአልጋው ጫፍ ትልቁ ልጄ «አይደለም፤ ቡ እግሯ ጎን ላይ መቀጠያ አላት። ከጎኗ ያለችውን እዪ» አላት። መጽሐፉን አስቀምጦ ተነሥቶ ገበታው ሥር ቆመ። ከዚያ ማታ ጀምሮ እማዬ ትላለች፣ ትንሿ ታሳያለች፣ እሱ ያርማል። ማንም አላዘዘውም።

ይህንን «ከቤት» ላይ ጻፍኩት። የቦታውን ዳር ዳር ሁሉ ሞልቼ ነው የጻፍኩት። ጥር ላይ የመጀመሪያው ሴሚስተር ሲያልቅ «ነጥዬ ከጠየቅኋት 30 ፊደል 27ቱን ለየች» የሚል መጣ። ካርዱ የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሚነግረኝ አዲስ ነገር አልነበረውም። ካርድ ሳልፈራ የተቀበልኩት ዘንድሮ ነው።

አሁን ወደ ጉድለቱ።

አንደኛ፣ የልጅ ምሥጢር። ልጆች የእርስ በርስ ደብተር ያነባሉ። ባለፈው ዓመት የአንዲት ልጅ ራስ ላይ ቅማል መታየቱ ተጽፎ ጓደኞቿ አንብበውት ልጅቱ ሦስት ቀን ትምህርት ቤት አልሄድም ብላ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ዓይነቱ ነገር በተለየ ወረቀት ተጽፎ፣ ታጥፎ፣ በስቴፕለር ይመታል። ጥሩ ነው። ግን ከመጀመሪያው መታሰብ ነበረበት።

ሁለተኛ፣ ሁሉ ነገር በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ነው። መምህርቷ ታማ ሁለት ሳምንት ስትቀር ተተኪው አንድም መስመር አልጻፈም። 54 ልጅ ይዞ ማስተማርና መጻፍ ቀላል አይደለም፤ በምሳ ሰዓቷ እንደምትጽፍ ሰምቻለሁ። ትምህርት ቤቱ ለዚህ ሥራ ሰዓት ሊሰጣት ይገባል። አለዚያ አንድ ቀን ይደክማታል፤ ብትተወውም አልፈርድባትም።

ሦስተኛው የሚያሳዝነኝ ነው። ደብተሩ የሚሠራው አንድ መምህር ክፍሉን በያዘበት በታችኛው ክፍል ብቻ ነው። 5ኛ ክፍል ሲገቡ መምህሩ በየትምህርቱ ይለያያል፤ ደብተሩም ያበቃል። ልጅ በቤቱ ማውራት የሚቀንሰው ግን ያኔ ነው።

ስለ ሌሎቹ መንገዶች በአጭሩ። ወተመህ፣ ማለትም የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት፣ እኛ ጋ ደህና ይሠራል። አጥሩንም ዴስኩንም ያሠራው እሱ ነው። የእኔን ልጅ ንባብ ግን ከኮሚቴ አልጠብቅም። የስልክ የጽሑፍ መልእክትም ተሞክሮ ነበር። በግዕዝ ፊደል አንድ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ነው፤ በላቲን 160። ስለዚህ አማርኛውን በላቲን ይልኩታል፤ በግዕዝ ሲልኩ ደግሞ እማዬ ያላት ዓይነት የድሮ ስልክ ላይ ባዶ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ነው የሚታየው። ቴሌግራምን ግን አልነቅፈውም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ረቡዕ ማታ ገጹን ፎቶ አንሥቼ እልክለታለሁ። ያደረበት ከተማ ሆኖ በድምፅ ይመልሳል፣ ያለውን «የአባት» ብዬ ዓምዱ ላይ እጽፈዋለሁ። ልጅቱ ሐሙስ ጠዋት «አባዬ ያለው አለበት?» ሳትል ቦርሳዋን አትዘጋም።

ነጥብ ስጪ ካላችሁኝ ከ5 4 እሰጠዋለሁ። አንዷን የቀነስኩት በ5ኛ ክፍል ስለሚያበቃ ነው። ለመምህርቷ ግን 5 ነው።

ይህን የምታነቡ ወላጆች፣ የልጃችሁ ትምህርት ቤት ደብተር ካለው ፊርማ ብቻ አትስጡ። ሁለት ቃልም ቢሆን ጻፉ፤ «ትናንት አልተኛችም» ብትሉ እንኳ መምህሩ ልጁን የሚያይበት ዓይን ይለወጣል። መጻፍ የማትችሉ ለልጃችሁ ንገሩት፣ እሱ ይጻፈው። መምህራን የሆናችሁ ደግሞ ያችን «ከቤት» የምትለውን ዓምድ ሰፋ አድርጉልን።

የመጀመሪያው ደብተር ጥር ላይ ሞላ፤ አሁን ሁለተኛው ላይ ነን። ባለፈው ሰኞ የሞላውን ይዤ ወደ ትልቁ ልጄ ክፍል ኃላፊ ሄድኩ። መምህሩ ቆሞ ማገላበጥ ጀመረ፤ ከዚያ ተቀመጠ። የአቡጊዳው ገጽ ላይ ሲደርስ «አያትየው ናቸው?» አለኝ። አዎ አልኩት። «አንድ ቀን ያውሱኝ» አለና ቦርሳው ውስጥ ከተተው። ዛሬ ሐሙስ ነው፤ ገና አልመለሰልኝም። ትናንት ማታ ግን ልጄ አንድ የተሰመረ ወረቀት አምጥቶ ጠረጴዛ ላይ አኖረልኝ። ሦስት ዓምድ አለው።