የድሮ ጌም በአዲስ ኮንሶል፦ ፕሌይስቴሽን 5 ወይስ ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤክስ?

እቤትዎ የተቀመጠ ዲስክ ካለ መጀመሪያ ዘመኑን ይዩ። ከፕሌይስቴሽን 4 ወዲህ ብቻ ከሆነ ዲስክ ማስገቢያ ያለው ፕሌይስቴሽን 5 ይበቃዎታል፤ ከጥቂቶች በስተቀር ሁሉንም ያጫውታል። የፕሌይስቴሽን 3 ዲስክ ግን ጨርሶ አይሠራም። የዚያ ኮንሶል ሴል ፕሮሰሰር አሠራሩ የተለየ ስለሆነ ሶኒ ጌሞቹን የሚያቀርበው በስትሪሚንግ (ጌሙ ሳይጫን በኢንተርኔት በቀጥታ በማጫወት) ነው፣ ያውም በክፍያ።

ኤክስቦክስ እስከ 2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ድረስ ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁሉንም ግን አይደለም፦ ከኤክስቦክስ 360 ጌሞች ከ600 በላይ፣ ከመጀመሪያው ኤክስቦክስ ደግሞ ከ60 በላይ ናቸው። ዝርዝሩ ላይ ለመጨረሻ ጊዜ የተጨመረው በኖቬምበር 2021 ስለሆነ ዲስክ ከመግዛትዎ በፊት ስሙን ይፈልጉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ የ360 ዲስክ ሲገባ ጌሙ ከዲስኩ አይነበብም፤ ኮንሶሉ ሙሉውን ከኢንተርኔት ያወርዳል፣ ዲስኩ የባለቤትነት ቁልፍ ብቻ ነው። የኢንተርኔት ጥቅል በጊጋባይት ለሚገዛ ሰው ቀላል ወጪ አይደለም። ኤክስቦክስ ሲሪስ ኤስ ደግሞ ዲስክ ማስገቢያም የለውም።

ቦታ ለመቆጠብ በሁለቱም ላይ የድሮ ጌሞችን ከውጫዊ ዩኤስቢ ሃርድ ዲስክ ማጫወት ይቻላል፤ ኤክስቦክስ ቢያንስ 128 ጊጋባይት፣ ፕሌይስቴሽን 250 ጊጋባይት ይጠይቃል።

በፕሌይስቴሽን 5 ላይ አንድ ወጥመድ አለ፦ ጌሙ ሁለት ቅጂ ካለው የፕሌይስቴሽን 4ቱ ሳይታወቅ ሊጫን ይችላል። በጌሙ ገጽ ላይ ባሉት ሦስት ነጥቦች ገብተው ትክክለኛውን ይምረጡ። የተቀመጠ ጨዋታ ከአንዱ ቅጂ ወደ ሌላው ሁልጊዜ አይሻገርም።