አፋር በግመል ወይስ ቦረና በመኪና? ከአርብቶ አደሮች ጋር ለመጓዝ ላሰባችሁ

ለገና ዘመድ ከውጭ ሲመጣ አንድ ጥያቄ አይቀርልኝም። "ላሊበላን አይተናል፣ ጎንደርንም አይተናል። ዘንድሮ ድንኳን ይዘን ከአርብቶ አደሮች ጋር መሰንበት እንፈልጋለን። አፋር ይሻላል ወይስ ቦረና?" ሁለቱንም አገር አይቻለሁ። አፋርን በእግሬ ከግመል ኋላ፣ ቦረናን ደግሞ በላንድ ክሩዘር። ሁለቱም "ተንቀሳቃሽ ካምፕ" እየተባሉ ይሸጣሉ እንጂ በጣም የተለያዩ ጉዞዎች ናቸው። ዋጋ ብቻ አይቶ የሚመርጥ ሰው የማይሆነውን ይገዛል።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት አስጎብኚውን አንድ ነገር ጠይቁት። ካምፑ ከቦታ ቦታ የሚሄደው ለምንድን ነው? ውሃና ሣር ተከትሎ ነው ወይስ ፕሮግራሙ ላይ ስለተጻፈ? የቀረው ልዩነት ሁሉ ከዚህ መልስ ይመጣል።

አፋር፦ ግመሉ ሲጫን

ለእግር ጉዞ የሚመረጠው ከአሳይታ ተነስቶ አዋሽን ይዞ ወደ አቤ ሐይቅ የሚወስደው መንገድ ነው። አዋሽ ባሕር አይደርስም። በረሃ ውስጥ፣ ጅቡቲ ድንበር ላይ፣ አቤ ሐይቅ ገብቶ ያልቃል። ወንዝ ማለቁን በእግር ተከትሎ ማየት ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ ዳር ከመሬት የወጡ ረጃጅም የኖራ ድንጋይ ዓምዶች ቆመዋል፤ ከአንዳንዶቹ ሥር እንፋሎት ይወጣል።

እዚህ አገር ቤቱም ይጓዛል። የአፋር ቤት፣ አሪ የሚሉት፣ የታጠፈ እንጨትና የዘንባባ ሰሌን ነው። የሚሠሩት ሴቶች ናቸው፤ የሚያፈርሱትና ግመል ላይ የሚጭኑትም እነሱ ናቸው። አንድ ጠዋት ጎረቤታችን የሰፈረ ቤተሰብ ሲነሳ ቁጭ ብዬ አየሁ። ሻያችንን ጠጥተን ሳንጨርስ ቤቱ ተጠቅልሎ ግመል ላይ ወጥቶ ነበር። የኛን ድንኳን ለማፍረስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ፈጅቶብናል።

ግን ለአፋር ጉዞ ገንዘብ የምትከፍሉት ለዕይታው ብቻ ከሆነ ትልቁ ነገር ያመልጣችኋል። ትልቁ ነገር ዳጉ ነው። ሁለት አፋሮች መንገድ ላይ ሲገናኙ ሰላም ብለው ብቻ አይተላለፉም። ይቆማሉ፣ ብዙ ጊዜም ይቀመጣሉ። የት ዘነበ? ሣሩ እንዴት ነው? ውሃው አለ? ማን ታመመ? የማይታወቅ ሰው አልፏል? ጠያቂው ይጠይቃል፣ መላሹ አንድ በአንድ ይመልሳል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። የሰማ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው ያደርሳል። ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ቀን ሰዓቴን እያየሁ ተናደድኩ። ፀሐይ እየከረረ ነው፣ እኛ ቆመናል። ወሬው ሲያልቅ መሪያችን አቅጣጫ ቀየረ። ልናድርበት ያሰብነው ቦታ ውሃው ደርቆ ኖሯል። ዳጉ ባይኖር ኖሮ ማታ ደርቀን እዚያ እንገኝ ነበር።

ስለዚህ የአፋር ፕሮግራም ስታዩ በየቀኑ ስንት ኪሎ ሜትር፣ በስንት ሰዓት የት ተብሎ ተጨናንቆ ከተጻፈ ተጠራጠሩ። ጥሩው ፕሮግራም ቢያንስ አንድ ባዶ ቀን አለው። መሪው ዳጉ ሰምቶ መንገድ የመቀየር ነጻነት ሊኖረው ይገባል።

ወደ ዳሎልና ኤርታ አሌ የሚሸጠው የመኪና ጉዞ ከዚህ ይለያል። መሬቱ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ አገሩ ከአእምሮ አይጠፋም። ግን እሱ የእሳተ ገሞራና የጨው ጉዞ ነው። ከአርብቶ አደር ጋር መሰንበት ብላችሁ አትግዙት። ደግሞም ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. ሃይሊ ጉቢ የተባለው እሳተ ገሞራ ፈንድቶ አመዱ በአካባቢው የግጦሽ መሬት ላይ ወርዷል። ወደዚያ ከሄዳችሁ ከብቶቹ አሁን የት እንደሚግጡ አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ቦረና፦ መንደሩ ይቆያል፣ ከብቱ ይሄዳል

ቦረና ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። ሁሉም ሰው ሁልጊዜ የሚዞር ይመስለዋል። እንደዚያ አይደለም። ኦላ የሚባለው መንደር ብዙ ጊዜ ባለበት ይቆያል። የሚታለቡ ላሞችና ጥጆች እዚያው አካባቢ ይውላሉ፤ እነዚህ ዋራ ይባላሉ። የቀሩትን ወጣቶች ይዘዋቸው ሩቅ ይሄዳሉ። ያ ፎራ ነው። አስጎብኚው "ከዘላኖች ጋር" ብሎ ኦላ ውስጥ ብቻ ካሳደራችሁ ግማሹን ነው ያሳያችሁ። ፎራ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። መኪናው የሚጠቅመው እዚህ ላይ ነው፤ ርቀቱ በእግር የሚሞከር አይደለም።

ለኔ የቦረና ልቡ የውሃ ጉድጓዱ ነው። ዱብሉቅ አካባቢ ካሉት ከጥንቶቹ የቱላ ጉድጓዶች አንዱ ጋ በበጋ ጠዋት ድረሱ። ከብቱ የሚወርድበት ረጅም ቁልቁለት በሰው እጅ ተቆፍሯል። ወንዶቹ ከታች እስከ ላይ በመደዳ ቆመው ኦኮሌውን፣ ማለትም የውሃ ባልዲውን፣ እጅ ለእጅ ይቀባበላሉ፤ ይዘፍናሉ። ዘፈኑ ለእንግዳ አይደለም። ሥራው የሚሄደው በዜማው ነው፤ ዜማው ከተዛባ ባልዲው ይወድቃል። ማን መቼ እንደሚያጠጣ ተራ አለው፤ ተራውን የሚያስከብር ሰውም አለ። ገዳ በ2016 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የተመዘገበ ሥርዓት ነው፤ እዚህ ግን ሕግና ሥርዓት የውሃ ወረፋ ሆኖ ይታያችኋል።

ጨዋነቱን አትርሱ። ከብት በሚወርድበት መንገድ ላይ አትቁሙ። ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት በአስጎብኚው በኩል ፈቃድ ይጠየቅ፣ ክፍያ ካለም ለጉድጓዱ ኃላፊዎች በግልጽ ይሰጥ። "ስንት ከብት አለህ?" ብላችሁ በፍጹም አትጠይቁ። ባንክ ውስጥ ስንት ብር አለህ እንደማለት ነው። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. 5 የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈው ብዙ ቤተሰብ መንጋውን አጥቷል። ጥያቄው ቁስል ሊነካ ይችላል።

መቼ?

አፋር ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ከዚያ ውጭ በእግር መጓዝን አልመክርም፤ በጋለው ወራት ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ያልፋል። በነዚህ ዓመታት ረመዳን የካቲት አካባቢ ስለሚውል የካቲትን ዝለሉት። የሚጾም ሰው ቀኑን ሙሉ ግመል እየነዳላችሁ እናንተ ውሃ መጠጣት ደስ አይልም።

ቦረና ሁለት ዓይነት ነው። ጉድጓዱን ለማየት ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ሂዱ። ሲዘንብ ኩሬው ሁሉ ይሞላና ጉድጓዱ ጋ ማንም አይኖርም። ወተቱንና አረንጓዴውን ከፈለጋችሁ ግን ሚያዝያና ግንቦት ይሻላል። ያኔ ጭቃው መኪና ይይዛል፤ ሁለት መኪና የሌለውን ጉዞ አትግዙ።

ውሃና ገንዘብ

እዚህ ላይ ረዘም ልበል፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። አንድ ጊዜ አፋር ላይ "ውሃ ተካቷል" ተብሎ ከፍለን ወጣን። በሦስተኛው ቀን ጀሪካኑ አለቀ። የጠጣነው ያሳደሩን ሰዎች ከሩቅ በግመል ያመጡትን ውሃ ነው። አልከለከሉንም። እንግዳ ናችሁና አይከለክሏችሁም። እስከዛሬ ሲታወሰኝ ያሳፍረኛል። እናንተ ያልያዛችሁት ውሃ ከነሱ ልጆች ላይ የሚቀነስ ነው።

እንግዲህ አብረን እናስላ። እንግዶች 6፣ ግመለኞች፣ አብሳይና መሪ 5 ናቸው እንበል። በድምሩ 11 ሰው። ለአንድ ሰው በቀን 5 ሊትር መጠጥ ብንይዝ 55 ሊትር ነው። ለማብሰያና ለእጅ መታጠቢያ 20 ጨምሩበት፤ 75 ሆነ። ለ4 ቀን 300 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 15 ጀሪካን። በአንድ ግመል 5 ጀሪካን ቢጫን ለውሃ ብቻ 3 ግመል ይፈልጋል። ለ6 ሰው "ግመል 3" ብሎ የላከላችሁ ድርጅት ድንኳኑንና ምግቡን በምን ሊጭን ነው? ወይም መንገድ ላይ የት እንደሚሞላ ያስረዳችሁ። ቦረና ላይ ይህ ጭንቀት ይቀላል፤ መኪናው በርሜል ይዞ ያቤሎ ከተማ ሄዶ ይመለሳል።

ዋጋው በጅምላ ከመጣ እንደገና በዝርዝር እንዲጽፉ ጠይቁ። አፋር ላይ የግመል ኪራይ፣ የግመለኛ ክፍያ፣ የታጠቁ አጃቢዎች፣ የአካባቢው መሪና ከሰመራ የሚወጣው ፈቃድ ለየብቻ ይታያሉ። ቦረና ላይ ወጪው በአብዛኛው ነዳጅ፣ መኪናና የሹፌር አበል ነው። ስለዚህ አፋር ላይ ገንዘባችሁ በብዙ የአካባቢ ሰው እጅ ይገባል። ቦረና ላይ ግን ሆን ተብሎ ካልታሰበበት አብዛኛው አዲስ አበባ ይቀራል። "ለመንደሩ የሚከፈለው ስንት ነው? ለማን ይሰጣል?" በሉ። መልስ የሌለው አስጎብኚ አይጠቅማችሁም።

ስለ ምግብ ብዙ የምለው የለኝም፤ ሁለቱም ጋ አብሳዩ ፓስታና ሩዝ ይሠራል። ወተቱ ግን ልብ ይበላችሁ። ዕቃው በጭስ ስለሚታጠን ጣዕሙ የጭስ ነው፣ ደስ ይላል። ያልፈላ ወተት ግን በሽታ ያመጣል፤ የግመል ወተት ደግሞ ያልለመደውን ሆድ ያላላል። በአክብሮት ተቀብላችሁ እንዲፈላላችሁ ጠይቁ፤ ማንም አይቀየምም። ይዛችሁ የምትሄዱት ስጦታ ስኳርና ሻይ ቅጠል፣ ለቦረና ደግሞ ቡና ይሁን። ለልጆች ከረሜላ አትበትኑ።

"ደቡብ ኦሞስ?" የሚል ይኖራል። ቱርሚ ዛፍ ሥር ድንኳን ተክሎ ሰኞ የቱርሚን፣ ቅዳሜ የዲመካን ገበያ ማየት ጥሩ ጉዞ ነው። ሐመሮችን ለማወቅ ግን ጊዜ ይፈልጋል። አብዛኛው የሚሸጠው ፓኬጅ ፎቶ አንስቶ፣ ከፍሎ፣ መኪና ውስጥ መግባት ነው። ያንን ከአርብቶ አደር ጋር መጓዝ አልለውም።

ለማን የቱ?

ዕድሜው የገፋ ሰው ወይም ትንሽ ልጅ ካለ ቦረና ነው፤ ብዙ አላመነታም። አየሩ ለስላሳ ነው፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ የታመመ ሰው ቢኖር መኪናው አጠገብ አለ። ከአዲስ አበባ ያቤሎ 570 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሐዋሳ ወይም ዲላ አድራችሁ ግቡ። አፋር እስከ ሰመራ በአውሮፕላን ይደረሳል። ከዚያ በኋላ ግን እግር ነው፣ ፀሐይ ነው፣ በአዋሽ ዳር ወባም አለ። በተከታታይ 4 ቀን በቀን 5 ሰዓት መራመድ ለማይችል አልመክረውም። ለሁለቱም የመንገዱን ጸጥታ በዚያው ሳምንት፣ እዚያው ካለ ሰው ጠይቁ። ከወር በፊት የተሰጠ ማረጋገጫ አይበቃም።

ዘንድሮ አክስቴ ከዋሽንግተን ከልጇ ጋር ትመጣለች። እሷን ቦረና እወስዳታለሁ፤ ዱብሉቅ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ወንበር ዘርግቼ አስቀምጣታለሁ። ልጇ 6 ነጻ ቀን ካለው አፋር ይሂድ። ከሌለው እሱም ከእናቱ ጋር ይምጣ።