አተር ለማዳቀል የትኛው ወረንጦ ይገዛ?

ደብረ ብርሃን ዙሪያ አተር ማዳቀል የጀመረ ሰው ሁሉ ይህን ሳይጠይቅ አያልፍም። የሞባይል ጠጋኞች የሚሠሩበትን ቀጥ ያለ ጫፈ ቀጭን ወረንጦ ግዙ። የብናኝ መቀቢያ ብሩሽ አትግዙ።

ጀርባው ላይ 5 ቁጥር ያለበት የላቦራቶሪ ወረንጦ ጥሩ መሆኑ አይካድም፤ ግን በአንዱ ዋጋ የሞባይሉ እፍኝ ሙሉ ይገዛል፤ ድንጋይ ላይ አንዴ ሲወድቅም ጫፉ ይቆለመማል። "5" ብቻ ተመትቶበት በውድ የሚሸጥ ቅጂም ሞልቷል። ስትገዙ ጫፉን ገጥማችሁ ወደ ብርሃን ያዙት፤ በመሃል ብርሃን ካለፈ ተዉት። ከዚያ ጠበቅ አድርጋችሁ ጨምቁት፤ የቅጂው ጫፍ ይከፈታል ወይም ይጣመራል። ከሚለበስ ነጠላ ጫፍ አንዲት ክር ለይቶ መምዘዝ ካቃተው እንቡጥ ውስጥም አይሠራም። ጥቁር ቀለም የተቀባውን አትንኩት፤ አልኮል ሲነካው ይላጣል። የደነዘዘውን ጫፉን ገጥማችሁ በ1000 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ከውጭ በኩል ብቻ አሹት፤ ውስጡ ከተሞረደ ዳግም አይገጥምም።

የቅንድብ ወረንጦ ርካሽ ነው፣ እንቡጥ ግን ይጨርሳል። አተር አበባው ሳይፈነዳ ራሱን ስለሚያዳቅል የሚሠራው የአበባው ቅጠል ከአረንጓዴው ሽፋን ብቅ ሲል ነው። የፊቱን ሽፋን ቀድዳችሁ፣ ሰፊውን የአበባ ቅጠልና ክንፎቹን ገለጥ አድርጋችሁ፣ ጀልባ መሳዩን ትሰነጥቃላችሁ። ውስጡ 10 የብናኝ ከረጢቶች አሉ፤ አንድ በአንድ ይለቀማሉ። ዘጠኝ ቆጥራችሁ ካቆማችሁ የቀረችው አንዷ ልፋቱን ሁሉ ታበላሻለች። ቢጫ ዱቄት ከታየ ጊዜው አልፏል፣ እንቡጡን ቁረጡት። ወፍራም ጫፍ ደግሞ የሴቴዋን ዘንግ ይጫናል፤ እንቡጧ ጠውልጋ ትረግፋለች።

ብሩሽ ለምን? የአባቱ አበባ ብሩሹን ይዞት ይመጣል። አዲስ የፈነዳ አበባ ክንፎቹን ወደ ታች ስትጫኑ ዘንጉ ብናኝ ተቀብቶ ይወጣል፤ በዘንጉ ጫፍ ሥር ያለው ፀጉር ለዚሁ የተሠራ ይመስላል። እሱን በወረንጦ ይዞ የእናቲቱን ዘንግ ጫፍ መቀባት በቂ ነው፤ ወጪው ዜሮ። የተገዛ ብሩሽ የትናንቱን ብናኝ ለዛሬው ያሻግራል፤ አልኮል ነክራችሁ ሳይደርቅ ከተጠቀማችሁበት ደግሞ ብናኙን ይገድላል።

ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር አተር፣ ፒሰም ፉልቩም፣ ጋር ስታዳቅሉ ዱሩን አባት አድርጉት፤ እናት ሲሆን ብዙ ጊዜ ፍሬ አይዝም። የትግራይና የሰሜን ወሎው የአተር ዓይነት፣ ደቆቆ፣ ከተራ አተር ጋር ተዳቅሎ ቢያፈራም ልጁ እምብዛም አያፈራም። ይህንን የትኛውም ወረንጦ አይፈታውም።

የገለጣችሁትን የአበባ ቅጠል መልሳችሁ ክደኑ፤ የደጋው ነፋስ የዘንጉን ጫፍ ያደርቀዋል። በዚያው አንጓ ላይ ያለውን ሌላ አበባ ቁረጡ፣ ለምልክት ክር እሰሩ። ከያዘ በ3 ወይም በ4 ቀን ቀጭን እሸት ከሽፋኑ ብቅ ይላል።