ስምንት ወር ከአግሪጎሜትር ጋር በደብረ ብርሃን ብርድ

ጠዋት ላቦራቶሪ ስንገባ የግድግዳው ቴርሞሜትር 12 ዲግሪ የሚያሳይበት ቀን አለ። ደብረ ብርሃን ናት፤ ከ2,700 ሜትር በላይ። በዚህ ማሽን ላይ ያለኝ ቅሬታ ግማሹ ከብርዱ ስለሚመጣ ነው ከብርዱ የጀመርኩት።

ማሽኑ ባለ አራት ቀዳዳ አግሪጎሜትር ነው፣ ያገለገለ። ፕላትሌት፣ ማለትም ቁስል ላይ ደሙን የምታቆመው የደም ሕዋስ፣ እርስ በርሱ ምን ያህል እንደሚጣበቅ፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጡት አስፕሪንና ክሎፒዶግሬል ደግሞ ያንን ምን ያህል እንደሚያዳክሙ ያሳያል። ዘዴው ጉስታቭ ቦርን በ1962 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ነው። ፕላትሌት የበዛበት ፕላዝማ (የደሙ ፈሳሽ ክፍል) ድፍርስ ስለሆነ ብርሃን ብዙም አያሳልፍም። ፕላትሌትን የሚቀሰቅስ ነገር፣ ኤዲፒ ወይም ኮላጅን ወይም አራኪዶኒክ አሲድ፣ ጠብ ሲደረግበት ፕላትሌቶቹ ይጓጉላሉ፤ ፕላዝማውም አተላው እንደዘቀጠለት ጠላ ይጠራል፣ የሚያልፈውን ብርሃን የሚያሳየው መስመር ሽቅብ ይወጣል።

ማሽኑ ራሱ አላሳፈረኝም። 37 ዲግሪውን ይዞ ይቆያል፣ መስመሩም ለማንበብ አያስቸግርም። አስፕሪን የወሰደ ሰው አራኪዶኒክ አሲድ ላይ መስመሩ ተኝቶ ይቀራል። ክሎፒዶግሬል የሠራለት ደግሞ ኤዲፒ ላይ ትንሽ ይወጣና ተመልሶ ይወርዳል።

ጣጣው ከማሽኑ በፊት ያለው ነው። ደሙ ሰማያዊ ክዳን ባለው የሲትሬት (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ) ቱቦ ይቀዳል፤ ደሙን አሽከርክሮ የሚለየው ሴንትሪፉጅ በ200 ጂ (የመሬት ስበት 200 እጥፍ) አካባቢ ለአሥር ደቂቃ ይዞራል፣ ፍሬን ሳይያዝበት። ከዚያ ፕላዝማውን በፕላስቲክ ቱቦ አውጥቼ በመስኮት ብርሃን ላይ ቀስ አድርጌ አዞረዋለሁ። ደህና ፕላትሌት እንደ እጣን ጭስ ሲጥመለመል ይታያል። በመጀመሪያው ወር ቱቦውን መስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ ሻይ ልጠጣ ወጣሁ። ስመለስ ጭሱ የለም። ብርዱ ፕላትሌቱን ከዝርግነት ወደ ድቡልቡልነት ቀይሮታል፤ ገና ሳይነካ ተቆጥቷል። ከዚያ ወዲህ ክፍሉ 20 ዲግሪ ሳይሞላ ደም አንቀዳም፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ የገዛነውም ለሠራተኛው ሳይሆን ለቱቦው ነው።

መብራትም አለ። ደሙ ከተቀዳ በአራት ሰዓት ውስጥ ምርመራው ማለቅ አለበት። መብራት መሃል ላይ ሄዶ የቆየ ቀን በሽተኛውን እንደገና መውጋት ነው። ዩፒኤስ (መጠባበቂያ ባትሪው) ማሽኑን ያቆይልናል፤ ሴንትሪፉጁን ግን አልቻለም።

የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ዶሮ ወጡን በልቶ የመጣ ሰው ፕላዝማ ወተት ይመስላል። ቅባቱ ብርሃኑን ስለሚጋርድ ማሽኑ ይወናበዳል። በጾም ግን እፎይ ነው።

አንድ ጊዜ አንድ አባት ለምርመራ መጡ፤ አራኪዶኒክ አሲዱ ላይ መስመራቸው ልጥፍ አለ።

«አስፕሪን ወስደዋል አባቴ?»

«አስፕሪን የሚባል አላውቅም ልጄ።»

«ሌላስ የሚውጡት ኪኒን የለም?»

«ይችማ የወገቤ ናት» ብለው የጋቢያቸውን ጫፍ ፈቱ። ሁለት ፍሬ አይቡፕሮፌን ቀርታለች። አይቡፕሮፌን አስፕሪን የሚዘጋውን ያንኑ ኢንዛይም ይዘጋል። ልዩነቱ እሱ በአንድ ቀን ገደማ ይለቃል፤ አስፕሪን የነካው ፕላትሌት ግን እስኪሞት፣ ማለትም ከ7 እስከ 10 ቀን፣ እንደታሰረ ነው። በሳምንቱ ኪኒኗን ትተው ሲመለሱ መስመራቸው ቀጥ ብሎ ወጣ። አሁን ቅጻችን ላይ «አስፕሪን ይወስዳሉ?» የሚለውን ሰርዘን «የሚውጡትን ሁሉ ያሳዩን» ብለናል።

ከአምስት አራት እሰጠዋለሁ። በቀን አንድ ሁለት ናሙና ለሚሠራ ይበቃል፤ ብዙ ወረፋ ላለበት ግን እጅ ያስራል። የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ትርፍ ማማሰያ ማግኔት ጠይቁት። ከሩዝ ፍሬ የማትበልጥ ብረት ናት፤ ኩቬት (ናሙናው የሚገባባት ትንሿ ቱቦ) ውስጥ ካልገባች ፕላትሌቱ አይጓጉልም፣ ጤነኛውን ሰው መድኃኒት የወሰደ ታስመስለዋለች። ከማሽኑ ጋር ከመጡልን ግማሾቹ በመጥረጊያ ተጠርገው ሄደዋል።