ኦፍሴት ወይስ ዲጂታል? መጽሐፉን በራሱ ገንዘብ ለሚያሳትም ደራሲ

መጽሐፍ ጽፈው የጨረሱ ወዳጆቼ ሁሉ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፦ «የት ላሳትም? ስንት ቅጂ? በስንት ብር?» ለእያንዳንዱ ለየብቻው ስመልስ ቆይቻለሁ፤ አሁን ግን ሁሉንም በአንድ ላይ ልጻፈው። መልሴን ከፊት አስቀድማለሁ። አገር ቤት ተቀምጦ የአማርኛ መጽሐፍ በራሱ ገንዘብ የሚያሳትም ሰው፣ አቅሙ ከፈቀደ በኦፍሴት 1,000 ቅጂ ያሳትም። 3,000 አይሁን፤ 200ም አይሁን። ዲጂታል ኅትመት የራሱ ቦታ አለው፤ ወደ መደብር ለሚሄድ መጽሐፍ ግን ደራሲውን ያከስረዋል።

ምክንያቱ ሂሳብ ነው። በኦፍሴት ማሽኑ አንድ ቅጠል ከማተሙ በፊት ፕሌት (የገጹ ምስል የሚያርፍበት ስስ የብረት ሉህ) ይሠራል፣ ማሽኑ ይስተካከላል፣ ቀለሙ እስኪመጣጠን ድረስ ብዙ ወረቀት ይበላሻል። ይህ ወጪ 100 ቅጂ ብታሳትሙም 5,000 ብታሳትሙም ብዙም አይለወጥም። ዲጂታል ፕሌት የለውም፤ ከፋይሉ በቀጥታ ያትማል። ስለዚህ የመጀመሪያውም ቅጂ ሦስት መቶኛውም ቅጂ ዋጋቸው አንድ ዓይነት ነው። ዲጂታልን በመጀመሪያ እይታ የሚያስመርጠው ይህ ነው፤ በኋላ የሚያስቆጨውም ይኸው ነው።

በቁጥር እንየው። ቁጥሮቹ ለማሳያ የተቀመጡ ናቸውና ከማተሚያ ቤት የያዛችሁትን ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) በቦታቸው ተኩ። መጽሐፉ ባለ 200 ገጽ፣ የመሸጫ ዋጋው 400 ብር ይሁን። አከፋፋዩና መደብሩ ተደምረው 40 በመቶ ቢወስዱ ለደራሲው በቅጂ 240 ብር ይደርሰዋል። ዲጂታሉ በቅጂ 260 ብር ተጠየቀበት እንበል። 300 ቅጂ ሲታተም 78,000 ብር ይወጣል። 300ውም ቅጂ በመደብር ቢያልቅ ለደራሲው የሚመለስለት 72,000 ብር ነው። አንድም ሳይቀር ተሽጦ 6,000 ብር ኪሳራ! የአርታኢ፣ የሽፋንና የገጽ ቅንብር ክፍያ ገና አልተቆጠረም።

ወደ ኦፍሴቱ እንምጣ። 500 ቅጂ በ210 ብር ሂሳብ 105,000 ብር ተባለ፤ 1,000 ቅጂ ደግሞ በ150 ብር ሂሳብ 150,000 ብር። ሁለተኛዎቹ 500 ቅጂዎች የጨመሩት 45,000 ብር ብቻ ነው፤ እያንዳንዳቸው 90 ብር ወጡ ማለት ነው። 500 ላይ መቆም የማልመክረው ለዚህ ነው። ከ1,000ው ቅጂ 200ውን በምርቃቱ ቀንና ለምታውቁት ሰው ራሳችሁ በሙሉ ዋጋ ብትሸጡ 80,000 ብር ተመለሰ። ቀሪውን 70,000 ብር ለማምጣት በመደብር ወደ 292 ቅጂ መሸጥ ይበቃል። በድምሩ 492 ቅጂ ሲሸጥ የማተሚያው ወጪ ይመለሳል፤ ከግማሽ በላይ የሆነው ክምችት አሁንም የእናንተ ነው።

«ታዲያ ዋጋውን 500 ብር አድርጌ በዲጂታል ባሳትምስ?» የሚል አለ። በመደብር 300 ብር ይደርሳችኋል፤ ትርፉ በቅጂ 40 ብር ነው። ገዢው ግን መደርደሪያው ላይ ከጎኑ የተቀመጠውን ተመሳሳይ ውፍረት ያለው መጽሐፍ ዋጋ ያያል። ስማችሁን ገና የማያውቅ አንባቢ የ100 ብር ልዩነት ይከፍላል ብላችሁ አትመኑ።

3,000 ቅጂ የሚያሳትሙትን ደግሞ የሚያታልላቸው የነጠላ ዋጋው መውረድ ነው። የአንዱ ዋጋ ሲወርድ የተጠራቀመው ገንዘብ ግን ያድጋል። ከዚያ መጋዘን ይመጣል፣ እርጥበት ይመጣል፣ አይጥ ይመጣል። መጽሐፉ ከተወደደ ሁለተኛ እትም ማውጣት ይቻላል፤ የፊደል ስህተቶቹም በዚያው ይታረማሉ።

የፕሮፎርማ ዕድሜ አጭር መሆኑን አትርሱ። ወረቀቱም፣ ቀለሙም፣ ፕሌቱም በውጭ ምንዛሬ የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አልፏል፤ የማተሚያ ዋጋም አብሮ ዘለለ። ዋጋ ከተስማማችሁ በኋላ ቅድሚያ ክፍያውን ፈጽማችሁ ለእናንተ የሚሆነው ወረቀት መገዛቱን በዓይናችሁ እዩ። ፕሮፎርማው 15 በመቶውን ተጨማሪ እሴት ታክስ ያካተተ መሆኑንም በግልጽ ጠይቁ። ሁለት ማተሚያ ቤቶችን ስታወዳድሩ አንዱ ከታክሱ በፊት ያለውን ዋጋ ከጻፈ፣ ርካሽ የመሰላችሁ ውድ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

አሁን ከዋጋ ቀጥሎ ብዙ ሰው ወደሚቃጠልበት ነገር ልግባ፤ ወረቀትና ጥረዛ።

አንድ ወዳጄ በ80 ግራም ወረቀት ተዋውሎ መጽሐፉን ሲረከብ የጀርባው ጽሑፍ በፊተኛው ገጽ በኩል ይታይ ነበር። ማተሚያ ቤቱ «80 ነው» አለ፤ ወዳጄ «አይደለም» አለ፤ ክርክሩ መቋጫ አልነበረውም። ክርክሩን የሚቋጨው ሚዛን ነው። የወረቀት ግራም የሚባለው የአንድ ካሬ ሜትር ወረቀት ክብደት ነው። ባለ 200 ገጽ ኤ5 (14.8 በ21 ሳንቲ ሜትር) መጽሐፍ 100 ቅጠል አለው፤ ቅጠሎቹ ተዘርግተው ቢለኩ 3.1 ካሬ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። ስለዚህ ሽፋኑ ሳይቆጠር በ80 ግራም ወረቀት የተሠራው ወደ 249 ግራም፣ በ70 ግራም የተሠራው ወደ 218፣ በ60 ግራም የተሠራው ወደ 186 ግራም ይመዝናል። ሽፋኑን 15 ወይም 20 ግራም ያህል ቁጠሩለት። የወጥ ቤት ዲጂታል ሚዛን ይበቃል። የወዳጄ መጽሐፍ ከነሽፋኑ 205 ግራም ገደማ መዘነ፤ ወረቀቱ 60 ነበር። የወረቀቱ ግራም በውሉ ላይ ስለተጻፈ የዋጋ ልዩነቱ ተመለሰለት። በቃል ብቻ ተስማምቶ ቢሆን ኖሮ ሚዛኑ ብቻውን አያስመልስለትም ነበር።

ለልብ ወለድና ለግለ ታሪክ 70 ግራም ይበቃል ባይ ነኝ። ለ80 ግራም የሚወጣውን ልዩነት ጥረዛው ላይ አውሉት። በሙጫ ብቻ የተያያዘ መጽሐፍ ጀርባው ተቆርጦ እያንዳንዱ ቅጠል ለየብቻው ሙጫው ላይ ይቆማል። ሙጫው ጥሩ ከሆነ ዓመታት ይቆያል፤ መጥፎ ከሆነ ሁለተኛው አንባቢ ጋር ሳይደርስ ይበተናል። በክር የተሰፋ መጽሐፍ ግን ቅጠሎቹ በ16 በ16 ገጽ ታጥፈው ይሰፋሉ፣ ከዚያ ሙጫ ይጨመርበታል። ከ300 ገጽ በላይ ለሆነ መጽሐፍ በክር አሰፉት፤ ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ አያስቆጭም። ዲጂታል ኅትመት ላይ በአብዛኛው የምታገኙት ሙጫ ብቻ ነው። አንድ የመንገድ ላይ መጽሐፍ ሻጭ በዲጂታል የታተመ የግጥም መድበል ተቀብሎ ከመሃል ከፈተና «ጋሼ፣ እኔ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ነው የማስቀምጠው፤ ይህ አይቆይልኝም» ብሎ መልሶልኛል። ትክክል ነበር፤ መሃሉ ላይ ሙጫው ተሰንጥቆ ነጭ መስመር ወጥቶበት ነበር።

ናሙና ስትቀበሉ እንዲሁ አገላብጣችሁ አትመልሱ። መሃሉን ከፍታችሁ ጠረጴዛ ላይ አጥብቃችሁ ተጫኑት፣ አንዱን ቅጠል ይዛችሁ መጽሐፉን አንጠልጥሉት። ገና በእጃችሁ ሳለ የለቀቀ ቅጠል ገዢው ቤት ሊጸና አይችልም።

ኦፍሴት ገጾቹን በትልልቅ ወረቀት ላይ አብሮ አትሞ በ16 በ16 ስለሚያጥፋቸው፣ የገጹ ብዛት በ16 የሚካፈል እንዲሆን ጣሩ። 192 ወይም 208 ገጽ ለኦፍሴት ይስማማል፤ 195 ገጽ ከሆነ ግን ለሦስት ገጽ ብላችሁ ተጨማሪ ፕሌትና ወረቀት ትከፍላላችሁ። ጎበዝ የገጽ ቅንብር ባለሙያ የፊደሉን መጠን ወይም ኅዳጉን በጥቂቱ አስተካክሎ ሦስቱን ገጽ ያስገባላችኋል።

ፋይሉም ገንዘብ ያስወጣል። ከዩኒኮድ (ፊደል በየኮምፒውተሩ አንድ ዓይነት ሆኖ እንዲነበብ ከሚያደርገው የጋራ ሥርዓት) በፊት በነበሩት የግዕዝ ፊደል ፕሮግራሞች የተጻፈ ጽሑፍ ፊደሉ በሌለበት ኮምፒውተር ሲከፈት የላቲን ፊደልና ምልክት ቅልቅል ይሆናል። ለማተሚያ ቤት የምትሰጡት ፒዲኤፍ ፊደሎቹ በውስጡ የተካተቱበት መሆን አለበት። ሌላው አራት ነጥብ ነው። ብዙዎቻችን «።»ን ሁለት ጊዜ በተጻፈ ሁለት ነጥብ እንተካለን። በኮምፒውተር መስኮት ላይ ልዩነቱ አይታይም፤ ገጹ ሲቀናበር ግን አንዱ ሁለት ነጥብ መስመሩ መጨረሻ ላይ ቀርቶ ሌላው በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ብቻውን ይቆማል። ለቅንብር ከመስጠታችሁ በፊት በአንድ ትእዛዝ ሁሉንም ቀይሩ።

ስለ አከፋፋይ አጭር ነገር ልበል። መጽሐፉን ተረክቦ ሲሸጥ የሚከፍል አከፋፋይ መቼ እንደሚከፍል፣ ያልተሸጠውን መቼና በማን ወጪ እንደሚመልስ በወረቀት ይስፈር። የመቶኛው ብዛት ብቻ ሳይሆን የክፍያው ጊዜም ዋጋ ነው፤ ከዓመት በኋላ የሚመጣ 240 ብር ዛሬ ከሚመጣው 240 ብር ጋር እኩል አይደለም፤ ሁለተኛውን እትም የምታሳትሙበት ወረቀት እስከዚያ ይወደዳል።

ኦፍሴት ያለበትን አንድ ትልቅ ድክመት አልደብቅም። ፕሌቱ ካለ እናንተ ሳታውቁ ትርፍ ቅጂ ማተም ይቻላል። የተሸጠ መጽሐፍ አስመስሎ የሚያባዛም አለ፤ ሽፋኑ የደበዘዘ፣ ወረቀቱ የሳሳ፣ አንዳንዴም ገጽ የጎደለው ቅጂ ገዢው እጅ ይገባል፣ ተወቃሹም ደራሲው ነው። በውሉ ላይ የሚታተመው ቅጂ ብዛት ይጻፍ፤ ኅትመቱ ሲያልቅ ፕሌቱንና ፋይሉን እንዴት እንደምትረከቡም ይጻፍ። በእያንዳንዱ ቅጂ ላይ ማኅተም ወይም ፊርማ ማሳረፍ ያደክማል፤ ግን የራሳችሁን ከሌላው ለመለየት ይጠቅማል። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የቅጂ መብቱ ሥራው ሲፈጠር ጀምሮ የእናንተ ነው፤ በአእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ማስመዝገብ ግን ክርክር ሲመጣ ማስረጃ ይሆናል። የመጽሐፍ መለያ ቁጥሩን (ISBN) ከወመዘክር፣ ማለትም ከብሔራዊው ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ ውሰዱ፤ በ978-99944 የሚጀምሩት ቁጥሮች የኢትዮጵያ ናቸው።

አሜሪካ ወይም አውሮፓ ላላችሁ ደግሞ ስሌቱ ይገለበጣል። ባለ 200 ገጽ መጽሐፍ ሩብ ኪሎ ገደማ ነው፤ 23 ኪሎ የሚፈቀድለት የመንገደኛ ሻንጣ የራሱ ክብደት ሲቀነስ 80 ቅጂ ያህል ቢይዝ ነው። ለዋሽንግተንና ለሲልቨር ስፕሪንግ የምርቃት ዝግጅት ይህ ይበቃ ይሆናል፤ ሲያትል ላለ አንድ አንባቢ አንድ ቅጂ በፖስታ መላክ ግን ትርፉን ይበላዋል። እዚያ ሲታዘዝ ብቻ የሚያትም አገልግሎት ይሻላል። አማዞን አማርኛን በሚቀበላቸው ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ስላላስገባ የአማርኛ መጽሐፋችሁ ሊታገድ እንደሚችል አውቃችሁ ግቡ። በእንግሊዝኛ የምትጽፉ ከሆነ ምቹ ነው፤ ለወረቀት መጽሐፍ ዋጋው ከ9.99 ዶላር ጀምሮ ከሆነ ለደራሲው የመሸጫው 60 በመቶ ታስቦ የማተሚያው ወጪ ይቀነሳል፣ ከዚያ በታች 50 በመቶ ነው። ለአማርኛ ግን እንደ ሉሉ ያለ ፒዲኤፉን እንዳለ የሚያትም አገልግሎት እመርጣለሁ። አገር ቤት ሆናችሁ አሜሪካ ላይ ለመሸጥ ካሰባችሁ ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር የግብር ስምምነት ስለሌላት ከክፍያችሁ 30 በመቶ ሊያዝ እንደሚችል ስሌታችሁ ውስጥ አስገቡ።

ዲጂታልን እኔ የምጠቀምበት ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው ገዢዎቹ ከወዲሁ ለሚታወቁ መጽሐፍ ነው፤ የቤተሰብ ታሪክ፣ የማኅበር መታሰቢያ፣ ደራሲው ራሱ በሙሉ ዋጋ የሚሸጠው 100 ቅጂ ግጥም። በ260 ብር አሳትሞ በ400 ብር በእጁ የሚሸጥ ሰው በቅጂ 140 ብር ያገኛል፤ መሃል ላይ አከፋፋይ የለበትም። ሁለተኛው ከኦፍሴቱ በፊት ለሚመጣ ሙከራ ነው። 20 ቅጂ በዲጂታል አሳትሙና ለማይፈሯችሁ አንባቢዎች ስጡ፤ እርሳስም አብራችሁ ስጡ። በማሳያው ዋጋ 5,200 ብር ትከፍላላችሁ። በኮምፒውተር ላይ ደጋግማችሁ አንብባችሁት ያለፋችሁት ስህተት በወረቀት ላይ ይገኛል። የታረመውን ፋይል ወደ ኦፍሴቱ ማተሚያ ቤት ውሰዱ፤ ከመጨረሻው ክፍያ ቢያንስ ሩቡን ደግሞ ካርቶኖቹን ከፍታችሁ እስክትቆጥሩና እስክትመዝኑ ድረስ በእጃችሁ አቆዩት።